ዛዕፈራን፣ ሱፍና ስም፦ የሸቀጥ ብረዛን የመለየት ጥበብ ከሒስባ ድርሳናት እስከ አልዩ አምባ ገበያ

በደብረ ብርሃን ከአንድ የቅመማ ቅመም ሱቅ «ዛዕፈራን» ተብሎ በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ብርቱካንማ ዱቄት ገዛሁ። ዋጋው ከአንድ ሲኒ ቡና እምብዛም አይበልጥም። የገዛሁት ለምግብ ማጣፈጫ አልነበረም። በሰሜን ሸዋ ቆላማ ወረዳዎችና በወሎ አንዳንድ ሸኾች የቁርኣን አንቀጾችን በዛዕፈራን ቀለም በነጭ ሳሕን ላይ ከጻፉ በኋላ ጽሑፉን በውሃ አጥበው ለሕመምተኛ የሚያጠጡበት የቆየ ልማድ አለና፣ ለዚሁ ተግባር የሚሸጠው ዕቃ ምን እንደሆነ ለማየት ፈልጌ ነው። በልማዱ ላይ በዑለማእ መካከል ያለው ክርክር የታወቀ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ከዱቄቱ ቁንጥር ወስጄ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ በተንኩት፤ ማንኪያውን ሳላስቀምጥ ብርጭቆው ከአፍ እስከ ገደፉ ቢጫ ሆነ። እውነተኛ ዛዕፈራን እንዲህ አይቸኩልም። ክሩ በውሃ ሲነከር ቀለሙን የሚለቀው ቀስ እያለ ነው፤ ተፈጭቶ ቢሆን እንኳ ሽታው አስቀድሞ ያስታውቃል። ይህኛው ዱቄት ምንም ሽታ አልነበረውም።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ብርጭቆ ነው። የዛዕፈራንን ብረዛ በኬሚስትሪ መንገድ መለየት ዛሬ በዓለም ላይ ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ሆኗል። ይሁን እንጂ ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ የሙስሊም ሊቃውንት ከስምንት መቶ ዓመታት በፊት ጽፈውበታል፤ በአንኮበር ሥር በነበሩ ገበያዎችም ሌላ መልክ ይዞ ኖሯል። ከዚህ ታሪክ የምረዳው አንድ ነገር አለ። ፈተናው፣ ኮምጣጤም ይሁን የብርሃን መለኪያ፣ የሚነግረን ዕቃው ምን እንደሆነ ብቻ ነው፤ ማታለል መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ግን ዕቃው ለገበያ የቀረበበት ስም ነው። ሁለቱን ካላቀላቀልን በቀር የሊቃውንቱንም የዛሬዎቹን ተመራማሪዎችም ሥራ በአግባቡ ልናነበው እንችላለን።

ስለዚህ ከስሞቹ እንጀምር። ዛዕፈራን ክሮኩስ ሳቲቩስ ከተባለች አጭር ተክል አበባ መሐል የሚለቀሙ ሦስት ቀያይ ክሮች ናቸው። ከአንድ አበባ የሚገኘው ሦስት ክር ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ኪሎ ግራም የደረቀ ዛዕፈራን ለማግኘት ወደ 150,000 የሚጠጋ አበባ በእጅ መለቀም አለበት። አብዛኛው የዓለም ምርት ዛሬ ከኢራን ይመጣል። የአውሮፓ ቋንቋዎች ስሙን ከዐረብኛው ወስደው «ሳፍሮን» አሉት። እንዲህ ውድ የሆነ ነገር አስመሳይ አያጣም፤ ከአስመሳዮቹ ሁሉ በዓለም ገበያ የታወቀው ደግሞ የኛው ሱፍ ነው።

ሱፍ በሰሜን ሸዋ ለማንም እንግዳ አይደለም። ፍሬው ተቆልቶ፣ ተወቅጦና ተጠልሎ የጾም ፍትፍት ይሆናል፤ በየገበያው በቁና ይሰፈራል። ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ አገሪቱን ከዓለም የሰብል መነሻ ማዕከላት አንዷ አድርጎ ሲመዘግብ፣ ሱፍን በዚሁ ማዕከል ከሚገኙ ሰብሎች ጋር ቆጥሮታል። በኛ ዘንድ የሚፈለገው ፍሬው ነው፤ አበባው ይረግፋል። በሌላው ዓለም ግን ያ የሚረግፈው ብርቱካንማ አበባ ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ከዛዕፈራን ክር ጋር ይደባለቃል። ዐረቦች አበባውን «ዑስፉር»፣ ፍሬውን «ቁርጡም» ይሉታል፤ ካርታመስ የሚለው ሳይንሳዊ መጠሪያም ከዚህ ከሁለተኛው ስም የመጣ ነው። ጥንትም ዑስፉር ራሱን የቻለ የተከበረ ማቅለሚያ ነበር። በሶሒሕ ሙስሊም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐብዱላህ ኢብን ዐምርን በዑስፉር የተነከረ ልብስ ለብሶ አይተው እንደገሠጹት ተዘግቧል። ልብሱ የተነቀፈው በሌላ ምክንያት ነው እንጂ ቀለሙ የሌላ ቀለም አስመሳይ ነው ተብሎ አይደለም።

ከሱፍ ቀጥሎ የሚመጣው እርድ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ለእርድ የእንግሊዝኛ ስም ሲፈልጉ «ሳፍሮን» ማለት ይቀናቸዋል፤ በአንዳንድ የሐበሻ ሱቆች መደርደሪያ ላይም እንዲሁ ተጽፎ ይታያል። የጻፈው ሰው ማንንም ለማታለል አላሰበም፤ የገዛውም ሐበሻ ምን እንደሚገዛ ያውቃል። ያንኑ ማሸጊያ የፋርስ ተወላጅ ቢያነሳው ግን እንደተታለለ ይቆጥረዋል። በአንድ መደርደሪያ ላይ ያለ አንድ ዕቃ ለአንዱ ሐቅ ለሌላው ሐሰት የሚሆንበት ሁኔታ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ወርስ ነው። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ወደ ሐጅ ለሚገባ ሰው ዛዕፈራን ወይም ወርስ የነካው ልብስ ተከልክሏል፤ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ይጠራሉ። ወርስ ከአንድ የባቄላ ዘመድ ከሆነ ቁጥቋጦ ፍሬ ልባስ የሚራገፍ ቀይ ቡናማ ዱቄት ነው፤ በየመን ለልብስ ማቅለሚያና ለፊት መቀቢያ ሲያገለግል ኖሯል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን የመድኃኒት ዕውቀት ሊቃውንት ተክሉን ፍለጋ ከዐደን ተነሥተው ሲጠይቁ፣ ዱቄቱ ከሐረር አካባቢ ጭምር እንደሚመጣ ተረዱ። የሚገርመው፣ ይህ በዐረብ ምድር የከበረ ዱቄት ለንደን ሲደርስ «ካማላ» የተባለውን የህንድ መድኃኒት የሚመስል ተተኪ ተደርጎ በጥርጣሬ መታየቱ ነው። ዱቄቱ አልተለወጠም፤ ባሕር ተሻግሮ ስም አጣ እንጂ።

አሁን ወደ ፈተናው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ባለቤቱም ዝናብ እንደነካው ሲናገር እርጥቡን ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው እንደጠየቁትና የሚያታልል ከሳቸው ወገን አለመሆኑን እንዳስታወቁ ሙስሊም ዘግቧል። በዚህ ዘገባ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መደምደሚያው ነው። እኔን የሚስበኝ ግን እጁ ነው። ክሱ ከመነገሩ በፊት ምርመራ ተደርጓል፤ ከምርመራው በኋላም ነጋዴው ተጠይቆ መልሱ ተሰምቷል። ጥፋቱም እህሉ መርጠቡ አልነበረም፤ ዝናብ የነጋዴው ሥራ አይደለምና። ጥፋቱ እርጥቡ በደረቁ መሸፈኑ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት «ጊሽ» ያሉት ይህንን ነው፤ ገዢው ቢያውቀው ኖሮ በዚያ ዋጋ የማይገዛበትን ነገር መደበቅ።

እጅን በክምር ውስጥ የማስገባቱን ሥራ ኋላ ላይ የገበያ ተቆጣጣሪው ሙሕተሲብ ተረከበው። ስለዚህ ሹመት ከተጻፉት መመሪያዎች ሁሉ በስፋት የሚታወቀው የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሶርያዊ ዐብዱ ረሕማን አሽ-ሸይዘሪ «ኒሃየቱ ሩትባ» የተሰኘው ድርሳን ነው። በአርባ ምዕራፎች ዳቦ ጋጋሪውን፣ ሥጋ ሻጩን፣ ሸማኔውን፣ መድኃኒት ቀማሚውንና ሽቶ ነጋዴውን አንድ በአንድ ያነሣል፤ የእያንዳንዱን ሙያ የማታለያ ዘዴና የማታለያውን መለያ ይዘረዝራል። ወተት በውሃ መቅጠኑን ለማወቅ ፀጉር ነክሮ ማውጣት ይመክራል፤ ፀጉሩ ላይ ወተት ካልያዘ ውሃ ገብቶበታል። ስለ ዛዕፈራን የጻፈው ደግሞ ዛሬም አንባቢን ያስደንቃል። አታላዮች የዶሮ ደረትና የበሬ ሥጋ ቀቅለው፣ እንደ ክር ተልትለው፣ አድርቀው፣ በዛዕፈራን ውሃ ነክረው ከእውነተኛው ክር ጋር ይደባልቁታል ይላል። መለያው ኮምጣጤ ነው፤ ጥቂት ተወስዶ በኮምጣጤ ሲነከር ክሩ ከተኮማተረ ሥጋ ነው፣ ካልተኮማተረ ዛዕፈራን ነው።

ይህን ምክር እንደ ተረት ማንበብ ይቀላል፤ ኬሚስትሪው ግን ትክክል ነው። አሲድ የሥጋን ፕሮቲን ቅርጹን ያስለውጠዋል፤ የዕፅ ክር የተሠራበት ሴሉሎስ ግን በኮምጣጤ ምንም አይሆንም። ሸይዘሪ ፕሮቲን የሚል ቃል አልነበረውም። የነበረው በተደጋጋሚ የተፈተነ ልምድ ነው፤ በአንድ ርካሽ ፈሳሽ ሁለት የሚመስሉ ነገሮችን የሚለያይ። ሮማዊው ፕሊኒም ከሱ አንድ ሺህ ዓመት በፊት ከዛዕፈራን የበለጠ የሚበረዝ ነገር እንደሌለ ጽፎ፣ ንጹሑ በእጅ ሲጫኑት እንደሚንኮሻኮሽ አስታውቋል። በጀርመን ኑረምበርግ ደግሞ ጉዳዩ እጅግ ስለከረረ፣ እ.ኤ.አ. በ1444 ዮብስት ፊንዴከር የተባለ ነጋዴ ከበረዘው ዛዕፈራን ጋር አብሮ ተቃጥሏል። የሒስባ ድርሳናት ቅጣቱን ከምክር፣ ከማስጠንቀቂያና ከተግሣጽ ጀምረው በደረጃ ማስቀመጣቸውን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ተገቢ ይመስለኛል።

ሸይዘሪ የተጨነቀበት ሌላ ነገር ነበር። ከሱ ሦስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ፈላስፋው ያዕቆብ አል-ኪንዲ ስለ ሽቶ ኬሚስትሪ አንድ መጽሐፍ ጽፏል፤ ምስክንና ሌሎች ውድ መዓዛዎችን ከርካሽ ነገር አስመስሎ መሥራትን የሚያስተምሩ ቀመሮች ይዟል። ሸይዘሪ መጽሐፉን በስም ያነሣውና፣ በእጁ ገብቶ ለአላህ ብሎ ቀድዶ ያቃጠለውን ሰው አላህ ይዘንለት እስከማለት ይደርሳል። እሱ ራሱም ብዙ የማታለያ ዘዴዎችን ሆን ብሎ እንዳልጻፋቸው፣ ይህንንም ያደረገው ሃይማኖት የሌለው ሰው እንዳይማርባቸው ፈርቶ እንደሆነ ይናገራል። አል-ኪንዲ አታላይ አልነበረም፤ የሚያስመስል ነገር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የዕውቀት አካል ነው ብሎ ያመነ ሊቅ ነበር። ሸይዘሪ ደግሞ ያው ዕውቀት ወደ ገበያ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ነበር። እኔ ለሁለቱም አዝናለሁ፤ አንዱን ብቻ ትክክል ለማለት ይከብደኛል። ክርክራቸው በዘመናችን ቤተ ሙከራ ውስጥ ዳግም መነሣቱን ከታች እናያለን።

ወደ ሸዋ ስንመለስ፣ የሒስባው ጥያቄ በአንኮበር ግርጌ የራሱ ሕይወት ነበረው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ባስተዳደሩበት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ቤተ መንግሥቱ በአንኮበር ከፍታ ላይ ሲሆን፣ የባሕር ማዶው ንግድ የሚያርፈው ግን ከተራራው ቁልቁል በሙስሊሞች ከተማ በአልዩ አምባ ነበር። ዓርብ በሚውለው ገበያ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪውና ሶማሌው ከደጋው ገበሬ ጋር ይገናኝ ነበር። ከታጁራና ከሐረር በግመል የመጣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብ፣ ከአፋር በረሃ የመጣ ጨው ይገባል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ባሪያ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1841 ሸዋ የገባውን የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን የመራው ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ፣ በተለይም ደግሞ በዚያው ከተማ ተቀምጦ የኖረው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ስለ ገበያው ሰፊ ዘገባ ትተዋል። የይፋት የበላይ ሹመት በጎንቾ ተቀማጭ በነበሩት በወላስማ ሙሐመድ እጅ ነበር፤ መጠሪያቸው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የይፋትን ሡልጣኔት የመሠረተውን ሥርወ መንግሥት ስም የሚያስታውስ ነው።

የዚህ ገበያ የመጀመሪያው ፈተና የሚደረገው በገንዘቡ ላይ ነበር። የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ማለትም ጠገራው፣ በየትኛውም ዓመት ቢመታ 1780 የሚል ቁጥር ይይዛል፤ ሚዛኑም 28 ግራም ያህል ነው። የሸዋ ሻጭ ብር ሲሰጠው ዓይኑ የሚያርፈው በቁጥሩ ላይ አልነበረም። በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን እንክብሎች፣ የትከሻዋን መርፌ፣ ከሥዕሏ ሥር ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ይመረምራል፤ አንዱ ከደበዘዘ ብሩን ይመልሳል። መንገደኞቹ ይህንን እንደ ሞኝነት ቆጥረው አጉረምርመዋል። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ምን ማድረግ ይቻል እንደነበር አይታየኝም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ቦታ የብርን ጥራት የሚያረጋግጠው የመልኩ ሙሉነት ነው፤ የተፋቀ፣ የተሸረፈ ወይም በቅርጽ የተቀዳ ብር መጀመሪያ የሚያጣው እነዚያን ደቃቅ ምልክቶች ነውና። አሞሌ ጨውም እንዲሁ በርዝመቱ፣ በጠርዙና በድምፁ ይፈተን ነበር።

ከሸቀጦቹ መካከል የዛዕፈራን እውነተኛ ወንድም ዝባድ ነው። ከጥርኝ ተጠርጎ፣ በከብት ቀንድ ታሽጎ የሚጓዘው ይህ ቅባት የሽቶ ማጽኛ ነው፤ በአገራችን ጥርኝ የማርባት ሙያ በአመዛኙ በሙስሊም ቤተሰቦች እጅ ኖሯል። ዝባድ ቅቤ መሰል ስለሆነ ለመበረዝም የተመቸው በቅቤ ነው፤ በቀንድ የተሞላ ዕቃ ደግሞ ገዢው እስከ ሥሩ ድረስ ሊያየው አይችልም። የመዲናው የእህል ክምር ነገር እዚህም ተደገመ ማለት ነው። ስለዚህ የሠለጠነ ገዢ ቀንዱን ከአፉ ብቻ አያሸትም፤ ከመሐሉ በስንጥር አውጥቶ በመዳፉ ላይ ያሸዋል፣ ሽታው ሲሞቅ እንዴት እንደሚለወጥ ይጠብቃል። ዝባድን ዝባድ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ሲቬቶን ይባላል፤ አሥራ ሰባት የካርቦን አቶሞች እንደ ቀለበት የተያያዙበት መሆኑን ሊዮፖልድ ሩዚችካ እ.ኤ.አ. በ1926 አረጋግጦ፣ በ1939 ኖቤል ከተሸለመባቸው ሥራዎች አንዱ ሆኗል። ዛሬ በቀንዱ ውስጥ ቅቤ መኖሩን የጋዝ ክሮማቶግራፊ መሣሪያ በአንድ ጠብታ ይለየዋል።

ስለ አልዩ አምባ የሚጽፍ ሰው ከአጠገቡ ስላለው ስለ ዐብዱ ረሱል ገበያ ዝም ማለት አይገባውም። እዚያ የሚሸጠው ሰው ነበር። የሒስባ ድርሳናትም ለባሪያና ለከብት ነጋዴዎች ምዕራፍ ለይተው፣ ፊትን በቀለም ማቅላትንና ሕመምን መደበቅን ከማታለል ይቆጥራሉ። በኢትዮጵያ የሻፊዒ ደርሶች ሲቀራ የኖረው የነወዊ «ሚንሃጅ» በሽያጭ ምዕራፉ፣ ጡቷ ሞልቶ እንዲታይ ሳትታለብ የቆየች ግመል ወይም ላም የገዛ ሰው የመመለስ መብት እንዳለው ከደነገገ በኋላ፣ የሴት ባሪያን ፀጉር ማጥቆርንና ጉንጭ ማቅላትን በዚያው ረድፍ ያነሣዋል። ሕጉ ገዢውን ከውሸት ለማዳን እጅግ ጥንቁቅ ነው። የተሸጠችው ልጅ ግን በዚያ ውል ውስጥ ዕቃ እንጂ ወገን አይደለችም። የብረዛን ታሪክ ስንጽፍ ጥበቡ በማን ላይ እንደዋለ ጭምር መጻፍ አለብን።

ከኮምጣጤ ወደ ቤተ ሙከራ ያለው መንገድ የሚታሰበውን ያህል ሩቅ አይደለም። እርድ የነካው ነጠላ በሳሙና ሲታጠብ ቢጫው ወደ ቀይ እንደሚለወጥ የማታውቅ እናት በአገራችን የለችም። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ሳሙናን ከመሰለ አልካሊ ጋር ሲገናኝ ይቀላል፤ የዛዕፈራን ቀለም ግን እንዲህ አይሆንም። ስለዚህ የተፈጨ «ዛዕፈራን» በሳሙና ውሃ ቀልቶ ከተገኘ እርድ አለበት። ንጹሕ ዛዕፈራን በበኩሉ የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ሲያርፍበት ሰማያዊ ሆኖ ወዲያው ወደ ወይን ጠጅ ይዞራል፤ ይህን ግን ማንም በቤቱ እንዲሞክረው አልመክርም። የሱፍ አበባ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ቱቦ መሰል ሆኖ ጫፉ የተሰነጠቀ ነው፤ የዛዕፈራን ክር ጫፍ ግን እንደ መለከት አፍ ይሰፋል። በውሃ ነክሮ ለማበጥ ትዕግሥት ላለው ሰው ይህ ብቻውን በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ችግሩ ዕቃው ሲፈጭ ነው። ክር ቅርጽ አለው፣ ዱቄት ቅርጽ የለውም። ለዚህ ነው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይ.ኤስ.ኦ. 3632 በሚል ቁጥር ባወጣው ደረጃ መለኪያው ብርሃን የሆነው። ዛዕፈራን ሦስት ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ቀለሙን የሚሰጠው ክሮሲን፣ ምሬቱን የሚሰጠው ፒክሮክሮሲን፣ ሽታውን የሚሰጠው ሳፍራናል። በውሃ ከተዘፈዘፈ በኋላ ውሃው ስፔክትሮፎቶሜትር ውስጥ ገብቶ ብርሃን ይተላለፍበታል፤ ምሬቱ በ257፣ ሽታው በ330፣ ቀለሙ በ440 ናኖሜትር ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ ይለካል። የማቅለም ኃይሉ 200 እና ከዚያ በላይ የሆነው በአንደኛ ደረጃ ይመደባል።

አል-ኪንዲና ሸይዘሪ እንደገና የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። መለኪያው 440 ናኖሜትር መሆኑ በይፋ ከታተመ፣ አታላዩም ያነበዋል። በዚያ አካባቢ ብርሃን የሚውጥ ርካሽ ቢጫ ቀለም፣ ለምሳሌ ታርትራዚን፣ በመጠኑ ቢጨምር ያረጀ ዛዕፈራን አንደኛ ደረጃ ሊያገኝ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ የኢጣሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሥራ እስከ 20 ከመቶ የሚደርስ የሱፍ አበባ፣ የእርድ ወይም የካሌንዱላ ቅልቅል በዚህ ደረጃ ሳይታወቅ ሊያልፍ እንደሚችል አሳይተዋል። መፍትሔው ጠቅላላውን ቀለም መለካት ትቶ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር ለይቶ መቁጠር ነው። በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ የተበረዘው ውህድ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ሲገፋ ክሮሲኑ በራሱ ሰዓት፣ የሱፉ ካርታሚን በራሱ ሰዓት፣ የእርዱ ኩርኩሚን በራሱ ሰዓት ይወጣል፤ አንዱ በሌላው ስም ሊያልፍ አይችልም። ሸይዘሪ ቢያየው ደስ ይለው ነበር እላለሁ፤ ስለ መጽሐፍ ማቃጠሉ ሐሳቡን ይለውጥ እንደሆነ ግን እንጃ።

እንግዲህ መሣሪያው «ካርታሚን ተገኝቷል» ሲል ያለው ይህንን ብቻ ነው። ሱፍ አይጎዳም፤ በቻይና አበባው መድኃኒት ነው፣ በኛ ፍሬው ምግብ ነው። በሳሕኑ ላይ ሱፍ ተብሎ ቢሸጥ ማንም አይከሰስም። የሒስባው ክስ የሚነሣው ሱፉ ዛዕፈራን ሲባል ነው። ከዚህ ተለይቶ የሚታይ ሌላ መደብ ደግሞ አለ፤ በምንም ስም ቢጠራ ወደ ሰው ሆድ መግባት የማይገባው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በበርበሬ ምርቶች ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ያደረገው «ሱዳን» የተባሉት የኢንዱስትሪ ማቅለሚያዎች ስለተገኙባቸው ነበር፤ ለሰም፣ ለዘይትና ለጫማ ቀለም የተሠሩ ናቸው። (ጎረቤታችን ሱዳን በዚህ ስም ምንም ጥፋት የላትም።) የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ምግብ ሲከለክል ሁለቱንም መደቦች ያቅፋል፤ የስም ሐሰትንም፣ የአካል ጉዳትንም። ነገር ግን ሕጉ ስለ ምግብ ይናገራል። የደብረ ብርሃኗ የላስቲክ ቋጠሮ ምግብ ናት ወይስ የጽሕፈት መሣሪያ?

ይህን ለማጣራት ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ነጋዴው ትሑት ሰው ናቸው፤ ጥያቄዬንም አልተቆጡበትም። «ይኼ እኮ የሚበላው አይደለም፤ የመጻፊያው ዛዕፈራን ነው» አሉኝ። የሚበላው አለ ወይ ስላቸው ሳቁ፤ ያን በዚህ ዋጋ ማን ይሸጥልሃል አሉ። እሳቸው እንደሚሉት ገዢዎቹ ሸኾችም ከአበባ የተለቀመ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ የሚጠይቅ የለም፣ የተደበቀም የለም። በፊቅህ ሚዛን ሻጩና ገዢው የሚያውቁት ጉድለት ጊሽ አይደለምና ነጋዴውን በዚህ መክሰስ ያስቸግራል። ለሽማግሌው ሸኽ ግን ሳሕኑ ከታጠበ በኋላ ያ ቢጫ ውሃ ለሚጠጣው ልጅ ወይም ለምትጠጣው እርጉዝ ሴት ምን ብለው እንደሚሰጧቸው ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ዛዕፈራን ነው እንላቸዋለን» አሉኝ።